ሶል አይቶ ሥራ የሚመክር

በ2015 ዓ.ም. የሰባ አንድ ዓመት ሰው ነበርኩ። ሚስቴ እቴነሽ «ሰባ ሦስት ነህ» ትላለች። የተወለድኩ ዕለት እሷ አልነበረችም፤ እኔ ነበርኩ። ስለዚህ ሰባ አንድ ነኝ።

በዚያ ዓመት ነው እንግዲህ፣ አርባ ዓመት ሙሉ የሰው ጫማ ስሰፋ ኖሬ፣ የሰውን የሥራ ሕይወት የማቃና አማካሪ የሆንኩት። «ካሪየር ኮች» ይባላል አሉኝ። ኮች ሲባል እኔ የማውቀው ሜዳ ዳር ቆሞ በተጫዋቾቹ ላይ የሚጮኸውን ሰውዬ ነው። እስከ መጨረሻው ከሰማችሁኝ እኔም ከዚያ ሰውዬ ብዙ እንዳልራቅሁ ታያላችሁ፤ ልዩነቱ እኔ የጮህኩት በራሴ ጎል ላይ ካገባሁ በኋላ መሆኑ ነው።

ጎጆዬን አስቀድሜ ላሳያችሁ። ከልደታ ማርያም ወደ ፍርድ ቤቶቹ ሲወረድ፣ ታክሲ መቆሚያውን አለፍ ብሎ አጥር የተደገፈች የቆርቆሮ ጎጆ አለች። እሷ ናት። ግንባሯ ላይ «ጫማ ይሰፋል» የሚል ሳንቃ ተመቷል። የጻፍኩት ራሴ ነኝ፤ ፊደል የቆጠርኩት ከጎለመስኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ስለሆነ ጽሑፉ ወደ ቀኝ ሲሄድ ቁልቁል ይወርዳል። መንገዱም ቁልቁለት ስለሆነ ማንም ልብ አላለው። ከጎጆዋ ፊት አንድ ዱካ አለ፤ ከዱካው ሥር ካርቶን ተዘርግቷል። ዱካው ለመቀመጫ ነው፣ ካርቶኑ ለእግር። ደንበኛ አንድ ጫማውን አውልቆ ሲሰጠኝ ባዶ እግሩን አፈር ላይ እንዳያሳርፍ ብዬ ነው። ይህን ካርቶን አትርሱት፤ ጣጣውን ሁሉ ያመጣው እሱ ነው።

በልደታ ጫማው የሚበጠስበት ሰው ሁሉ ይቸኩላል። ከሳሹ ይቸኩላል፣ ተከሳሹ ይቸኩላል፣ ጠበቃው ከሁለቱም ይብሳል። ግን አንድ እግሩ ባዶ የሆነ ሰው የትም አይሄድም። ስለዚህ ይቀመጣል፤ ከተቀመጠ ደግሞ ያወራል። ዳኛ ፊት ያልተነገረ ስንት ነገር እኔ ፊት ተነግሯል! እኔ አንገቴን ደፍቼ ስለምሰፋ ዓይን ለዓይን አንተያይም፤ ምስማር በአፌ ስለምይዝ ነገሩን አላቋርጥም። ይህን ያኔ ልብ ብዬው ቢሆን ኖሮ ዛሬ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ ነበር።

የጀመረችው ሕይወት የምትባል የጌጃ ሰፈር ልጅ ናት። በአካውንቲንግ ተመርቃ ሁለት ዓመት ሥራ ስትፈልግ የጨረሰችውን ታኮ ሁሉ የመታሁት እኔ ነኝ። አንድ ጠዋት የግራ ታኮዋ ተገንጥሎ፣ በእጇ እንደ እንቁላል ይዛው እያነከሰች መጣች።

«ጋሼ፣ ቶሎ ይበሉልኝ፤ ኢንተርቪው አለኝ።»

«ለምን ሥራ?»

«ለሒሳብ ሠራተኛ። ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብሎ ኮምፒውተር ላይ ማፍጠጥ።»

ታኮው እስኪመታ ድረስ አወራች። ተለማማጅ ሆና ስትሠራ ወንበሩ እሾህ እንደሆነባት፣ የጓደኛዋ ሱቅ ሄዳ ስታግዝ ግን ከጠዋት እስከ ማታ ቆማ ድካም እንደማታውቅ፣ ለአንዲት ሴትዮ ያላሰበችውን መጋረጃ እንደሸጠችላት። እኔ ምስማር በአፌ ነበርና ዝም። ስጨርስ ጫማዋን ገልብጬ አየሁት። የሶሉ አንድ ጎን ሙልጭ ብሎ አልቋል፤ ሌላው ደህና ነው።

«ስሚ ልጄ፤ ይህ የሚቀመጥ ሰው ሶል አይደለም። ቆሞ፣ ወደ ሰው ዘንበል ብሎ የሚያወራ ሰው ሶል ነው። አንቺ ሻጭ ነሽ» አልኳት።

ጫማዋን ከእጄ ወስዳ ገልብጣ አየችው። «ይህን ከሶሉ ነው ያወቁት?»

«ከምን ሊሆን ነው ታዲያ?»

ወደ ኢንተርቪው አልሄደችም። ከጥቂት ወራት በኋላ ሶፋና አልጋ የሚሸጥ ድርጅት ውስጥ ገብታ፣ ፊቷ በርቶ፣ ዳቦ በፌስታል ይዛልኝ መጣች። ብቻዋን አይደለም፤ ሥራ የመረራቸው ሁለት ጓደኞቿንም አስከትላለች።

«ጋሼ፣ እርስዎ እኮ ካሪየር ኮች ነዎት! ሰው ለዚህ ሆቴል አዳራሽ ይሰለፋል» አለችኝ። ከዚያ ዙሪያዋን ቃኘችና ካርቶኑን ከዱካው ሥር መዝዛ፣ ንጹሑን ጎን ገልብጣ፣ ከቦርሳዋ ባወጣችው ማርከር በትልልቁ ጻፈችበት፦ «የሥራ ምርጫና የሙያ ለውጥ ምክር በጫማ ሶል»። ከሳንቃዬ በላይ ሰቀለችው።

«ደንበኛው እግሩን የት ያሳርፍ?» አልኳት።

«ጋሼ፣ ከእንግዲህ ሰው እርስዎ ጋ የሚመጣው ለእግሩ አይደለም፤ ለጭንቅላቱ ነው።»

እንዲህ ዓይነት ነገር ለሽማግሌ አይነገርም። ሽማግሌ ያምናል።

ወሬው ሰፈሩን አዳረሰው። የታክሲ ረዳት መጣ፤ የአንድ እግሩ ሶል አለ፣ የሌላው የለም ማለት ይቻላል። «አንተ በአንድ እግርህ የቆምክ ሰው ነህ፤ ወስን!» አልኩት። ወስኖ መንጃ ፈቃድ ሊያወጣ ተመዘገበ። አንዱ እግሩ ቀኑን ሙሉ ከታክሲው በር ውጭ ተንጠልጥሎ እንደሚውል የገባኝ በኋላ ነው። አንድ ጠበቃ መጣ፤ ሶሉ ትናንት ከፋብሪካ የወጣ ይመስላል።

«እርስዎ አይራመዱም እንዴ?»

«መኪና አለኝ።»

«እንግዲያው መኪናዎን ያምጡና ጎማውን ልየው» አልኩት። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔ ግን የምሬን ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ታምሩ ነው። ታምሩ ከፍርድ ቤቱ ጀርባ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ጥበቃ ነው። ጫማውን ሊያሰፋ መጥቶ፣ ሶሉ ከዳር እስከ ዳር እንደ ወረቀት ስስ ሆኖ አገኘሁት። አሥር ሰው በሚሰማበት «ጥበቃ የሚባለው ይቆማል፤ የቆመ ሰው ሶል አያልቅም። አንተ ቦታህን ትተህ ትዞራለህ ማለት ነው። ጥበቃ አትሆንም፣ ሌላ ሥራ ፈልግ» አልኩት።

«ጋሼ፣ እኔ እኮ ከቤቴ እስከ እዚህ በእግሬ…»

«ሶል አይዋሽም!» አልኩት። በዚያ ሰሞን ይህ ቃል ከአፌ አይጠፋም ነበር። ታምሩ ከንፈሩን ገጥሞ፣ ጫማውን ሳያሰፋ ሄደ።

በነገራችን ላይ ጫማ መስፋቱንም ትቼው ነበር ማለት ይቻላል። «ታኮ ምታልኝ» የሚለኝን ሰው «ወረፋ ያዝ፣ የምክር ሰዓት ነው» እለው ጀመር። ለልጄ ሠርግ የተገዛውን ኮትና ከረባት አውጥቼ ለበስኩ። እቴነሽ ምሳዬን ይዛ መጥታ አየችኝና ሳህኑን ሳታስቀምጥ ቆመች።

«ከረባቱን ፍታና ብላ።»

«አማካሪ በከረባት ነው።»

«ሠርጉ ላይ አንቆ ሊገድለኝ ነው ብለህ ኪስህ የከተትከው እሱን አይደል እንዴ?»

«ያኔ አማካሪ አልነበርኩም።»

«አንተ ሰውዬ፣ የዚያችን ልጅ ነገር እኮ ከሶሉ አላገኘኸውም። መቀመጥ ይመረኛል፣ መሸጥ ደስ ይለኛል ብላ ራሷ ነገረችህ። ቁርስህን ይዤ ከጀርባ ቆሜ ሰምቻለሁ።»

«እኔ ያየሁት ሶሉን ነው።»

«ጆሮህ የሰማውን ዓይንህ አየሁት እያለ ነው» ብላ ሳህኑን ጉልበቴ ላይ አስቀምጣ ሄደች። ከረባቱ ወጥ ነካው። አልፈታሁትም።

ሰኞ ዕለት አቶ ጌትነት መጣ። አርባ አምስት፣ አርባ ስድስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ቀጠን ያለ፣ ሸሚዙን እስከ አንገቱ የሚቆልፍ ሰው። እዚያው ታምሩ በሚጠብቀው መሥሪያ ቤት፣ መዝገብ ቤት ውስጥ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርቷል። ይህንን የነገረኝም ጎትጉቼው ነው። ተቀምጦ የማያወራ ደንበኛ ሲገጥመኝ የመጀመሪያዬ ነበር። እግሩን የሚያሳርፍበት ካርቶን ስለሌለ ባዶ እግሩን አንሥቶ እንደ ሽመላ ይዞት ነበር፤ እንዲህ ሆኖ ማን ያወራል? «እስቲ ይዩልኝ» ብሎ ጫማውን ሰጠኝ።

ቡናማ ነው፣ ጥሩ ቆዳ። ገለበጥኩት። ተረከዙ አዲስ ነው ማለት ይቻላል፤ ጫፉ ግን ተበልቶ፣ ተበልቶ፣ ጣት ሊያሳይ ምንም አልቀረው። እንዲህ ያለ ሶል በአርባ ዓመት አይቼ አላውቅም። ተነሥቼ ቆምኩ።

«ይህ ሰው ይሮጣል!» አልኩ ጮክ ብዬ። «ተረከዙ መሬት አይነካም! አንተን መዝገብ ቤት ያስቀመጠህ ማነው? አንተ የንግድ ሰው ነህ። ደላላ ነህ። ሰውን ቀድሞ የሚደርስ ሰው ነህ!»

ጫማውን ተቀብሎኝ እንደ ደብዳቤ አየው።

«እኔ?»

«አንተ።»

«እሮጣለሁ?»

«ሶል አይዋሽም።»

ፊቱ ላይ የሆነ ነገር በራ። አመስግኖኝ፣ እጄን በሁለት እጁ ጨብጦ ሄደ። ከኋላው ሳየው በጣቶቹ ጫፍ ነበር የሚራመደው። ኮቴን አስተካከልኩ። ደስ አለኝ፣ ምን ልዋሻችሁ።

ሐሙስ ጠዋት ጎጆዬን ገና ስከፍት አንዲት ነጠላ የለበሰች ሴት ጥቁር ፌስታል ይዛ ፊቴ ቆመች።

«ሶል የሚያነቡት ሽማግሌ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ ልጄ፣ ተቀመጪ።»

«አልቀመጥም። ብርቱካን እባላለሁ፤ የጌትነት ሚስት ነኝ።» ከፌስታሉ ቡናማውን ጫማ አውጥታ ዱካው ላይ አስቀመጠችው። «ይህን ያውቁታል?»

«አውቀዋለሁ እንጂ! የሯጭ ሶል ነው።»

«የየትኛው ሯጭ?»

«የባልሽ ነዋ።»

«ባሌ ይህን ጫማ ካደረገው ገና ሁለት ሳምንቱ ነው! ሰልባጅ ነው፣ ጋሼ! መርካቶ ከተከመረው ውስጥ ለቅሜ የገዛሁለት እኔ ነኝ! ሲገዛም እንዲህ ያለቀ ነበር!»

መዶሻው ከእጄ ወደቀ፤ እግሬ ላይ ነው የወደቀው፣ ግን ያኔ አልተሰማኝም። ሰልባጅ ማለት መቼም ታውቃላችሁ፤ ባሕር ማዶ ሰው ለብሶ፣ ተጫምቶ፣ ሲሰለቸው በመርከብ ተጭኖ የሚመጣልን ነው። በዚህ ከተማ ሰው ለሥራ ፈተና የሚያደርገው ጫማ ግማሹ ሰልባጅ፣ ግማሹ ከወንድም የተዋሱት ነው። እኔ ጫማ ሰፊ ሆኜ፣ በቀን አሥር ሰልባጅ እየሰፋሁ፣ ይህን አላሰብኩም! የስንቱን ፈረንጅ ባሕርይ ለስንቱ የልደታ ሰው እንዳደልኩ እግዜር ይወቀው።

«ይህን የጨረሰው ሰውዬ ዳንሰኛ ይሁን ሌባ ማን ያውቃል?» አለች ብርቱካን። «የሱን ዕጣ አንሥተው ለባሌ ሰጡት። ባሌ እኮ የታክሲ ረዳቱን መልሴን ስጠኝ ማለት የሚያፍር ሰው ነው። ደላላ እሆናለሁ ብሎ ዛሬ መልቀቂያውን ጽፎ፣ አሮጌ ጫማውን አድርጎ ወጣ። ሁለት ልጆች አሉን ጋሼ። ከሱ ደመወዝ ሌላ የለንም። ኃላፊው በአራት ሰዓት ገብቶ ከፈረመበት አለቀልን።»

«ለምን አልነገርሽውም? ጫማው ሰልባጅ ነው አትይውም?»

«አልኩት እንጂ! "ሶል አይዋሽም" አለኝ።»

የራሴ ቃል ከሌላ አፍ ሲመለስ እንዲህ አስቀያሚ መሆኑን አላውቅም ነበር። ሰዓቱ ሦስት ተኩል ነው። ጎጆዬን ሳልዘጋ ተነሣሁ። በኮት፣ በከረባት፣ በላስቲክ ጫማ። አዎ፣ የራሴ ጫማ ተቀዶ ከርሟል፤ የምሰፋበት ጊዜ አልነበረኝም፣ አማካሪ ነበርኩ።

ብርቱካን ከፊት፣ እኔ እያነከስኩ ከኋላ፣ የመሥሪያ ቤቱ በር ስንደርስ ታምሩ እንደ ሐውልት ቆሟል።

«መታወቂያ።»

«ታምሩ፣ እኔ ነኝ።»

«እርስዎ ማነዎት? ጥበቃ አትሆንም ያሉኝ ሰውዬ ነዎት?»

«ልጄ፣ የሰው እንጀራ ነው፤ አስቸኳይ ነው።»

«ያለ ፈቃድ አይገባም። እኔ ደግሞ ቦታዬን ትቼ አልዞርም።»

ከኋላችን ሰልፍ ተሠራ። ብርቱካን ታየኛለች። ሰዓቱ ይሄዳል። በሰባ አንድ ዓመቴ «ተሳስቻለሁ» ያልኩበትን ቀን ብትጠይቁኝ የማስታውሰው አንድም የለም፤ እቴነሽም ምስክር ናት።

«ተሳስቻለሁ» አልኩ።

«አልሰማሁም።»

«ተሳስቻለሁ!»

ሰልፉ ሁሉ ዞረ። ታምሩ ፊቱን አልፈታም፤ «ሶሉስ?» አለኝ።

«ሶሉ የሄድክበትን መንገድ ነው የሚያውቀው፤ አንተን አያውቅም። ከቤትህ በእግርህ እንደምትመጣ ልትነግረኝ ጀምረህ ነበር። አልሰማሁህም።»

ትንሽ አሰበና «ይፈተሹ» አለ። ፈተሸኝ! አንድም ኪስ ሳያስቀር። ምስማር አወጣ፣ ክር አወጣ፣ ወስፌዬን አወጣ። «ይህ የሚወጋ ነገር ነው፤ እዚህ ይቆያል» ብሎ ተረከበኝ። እንዲህ ያለ ጥንቁቅ ጥበቃ ነው ሥራ ቀይር ያልኩት።

መዝገብ ቤቱ ምድር ቤት ነው። መደርደሪያው ጣሪያ ይነካል፤ በመካከሉ አንድ ሰው ብቻ የሚያልፍበት መንገድ አለ። ጌትነት ጠረጴዛው ጋ፣ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል። ከፊቱ አንድ ደብዳቤ አለ።

«ሰጠኸው?» አለች ብርቱካን ከበሩ።

«አልሰጠሁም።»

«ተመስገን! ሐሳብህን ቀየርክ?»

«አይ። ደብዳቤ ወደ ኃላፊ የሚሄደው መጀመሪያ ገቢ ሲሆን ነው። ቁጥር ይሰጠዋል፣ ማህተም ይመታበታል።»

«ገቢ የሚያደርገው ማነው?» አልኩ እኔ።

«እኔ ነኝ።»

«ታዲያ?»

«የራሴን ደብዳቤ ራሴ ገቢ አላደርግም፤ ደንብ አይደለም። ሌላዋ ሠራተኛ ለቅሶ ሄዳለች። ከሰዓት ትመጣለች።»

እኔና ብርቱካን ተያየን። ይህንን ሰው ነው ደላላ ሁን ያልኩት!

በዚህ መሃል አንድ ተላላኪ ስም የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ጣል አደረገለት። ጌትነት ተነሣ፣ መደርደሪያዎቹ መሃል ገባ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያይ እጁን ሰደደ፣ ፋይሉን አመጣ። እኔ ከምስማር ሣጥኔ ውስጥ አንድ ምስማር ከምመርጥበት ይፈጥናል። ተላላኪው ተቀብሎ ሄደ።

«የማን ነው?» አልኩት።

«አላውቅም፤ እኔ የማየው ስሙን ብቻ ነው። ሰውየው ላይ ቤት፣ ባለጉዳይ የሚስተናገድበት መስኮት ጋ ነው ያለው።»

ከዚህ በላይ ማዘግየት አልቻልኩም። «ጌትነት፣ ያ ጫማ ሰልባጅ ነው። ያየሁት ሶል ያንተ አይደለም። አንተ ሯጭ ስለመሆንህ እኔ የማውቀው አንድም ነገር የለኝም።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። «ብርቱካን ነግራኝ ነበር፤ ላምናት አልፈለግሁም» አለ። «ጋሼ፣ እዚህ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ስቀመጥ አንድ ሰው ልብ ብሎ አይቶኝ አያውቅም። እርስዎ ጫማዬን አይተው ትሮጣለህ አሉኝ። ሦስት ቀን ሙሉ ስሮጥ ነበር።»

ዓይኔ ወደ እግሩ ሄደ። ያደረገው አሮጌ የሸራ ጫማ ነው፤ የራሱ፣ ከአዲስ ጀምሮ ራሱ ያደረገው። እጄን በላኝ። ገልብጬ ባየው የሰውየውን ሙሉ ታሪክ አነብለት ነበር! ምራቄን ዋጥኩ።

«አንዱን ጫማህን አውልቅ» አልኩት።

ብርቱካን «ጋሼ!» ብላ ልትጮኽ አፏን ከፈተች።

«ላነበው አይደለም» አልኳት። የቆየ የፋይል ሽፋን ከወለሉ አንሥቼ ከእግሩ ሥር ዘረጋሁለት። ጫማውን ተቀብዬ ሶሉን ወደ ታች አድርጌ ጉልበቴ ላይ አኖርኩት፣ አንገቴን ደፋሁ፣ የማሠሪያውን ቋጠሮ መፍታት ጀመርኩ። ወስፌዬ ታምሩ ጋ ነው፤ የምይዘው ነገር አልነበረኝም። ከዚያ ለአንድም ደንበኛዬ ያላነሣሁትን ጥያቄ ጠየቅሁት።

«አንተ ራስህ ምን ትፈልጋለህ?»

ቀና ብዬ አላየሁትም። ቋጠሮው አስቸጋሪ ነበር፤ ተመስገን።

«አንድ ጊዜ» አለ ቆይቶ፣ «ጠፋ የተባለ የአንዲት እናት ፋይል ነበር። ዓመት ተፈልጎ ታጣ። ሌላ ሽፋን ውስጥ ተሸጉጦ አገኘሁትና ላክሁት። ትንሽ ቆይቶ ከላይ ቤት እልልታ ሰማሁ። የሷ ይሁን የሌላ ሰው አላውቅም። ወጥቼ እንዳላይ ደግሞ ቦታዬን ጥዬ መሄድ አልችልም። እስከ ዛሬ አስበዋለሁ።» አንገቱን ቀና አደረገ። «መሮጥ አልፈልግም ጋሼ። ላይ ቤት፣ መስኮቱ ጋ መሥራት ነው የምፈልገው። ወረቀቱን ሲቀበሉኝ ፊታቸውን ማየት።»

«ይህን ለመናገር ሥራ መልቀቅ ነበረብህ?» አለች ብርቱካን።

«ማን ጠየቀኝ?» አላት።

ብርቱካን በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። እኔም ከረባቴን ፈታሁ፤ ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር።

«በል ጻፍ» አልኩት። «መልቀቂያ ሳይሆን የዝውውር ማመልከቻ። ወደ መስኮት።»

ጻፈ። እንዲህ ያለ የእጅ ጽሑፍ አይቼ አላውቅም፤ አንዱም መስመር ወደ ታች አይወርድም። የመጀመሪያውን ደብዳቤ ቅደደው ብንለው «ወረቀት አልቀድም» አለ። ብርቱካን አጥፋ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። አዲሱንም ቢሆን ራሱ ገቢ አላደርግም ስላለ፣ ሦስታችን ዳቦ ተካፍለን እየበላን ሌላዋ ሠራተኛ ከለቅሶ እስክትመለስ ጠበቅን። ጥቁር ነጠላዋን እንኳ ሳታወልቅ ቁጥር ሰጠችው፣ ማህተሙን ዷ አደረገች፣ ወደ ላይ ላከችው። ኃላፊው አነበበና ራሱ ወረደ። በሩ ላይ ቆሞ «አሥራ ዘጠኝ ዓመት አንድም ማመልከቻ ያላስገባው ሰው የትኛው ነው?» አለ። ጌትነት በአንድ እግሩ ጫማ ተነሥቶ ቆመ። ሌላው የእኔ ጉልበት ላይ ነበር። ኃላፊው ማመልከቻው ጥግ ላይ «ከሰኞ ጀምሮ ለአንድ ወር ይሞከር» ብሎ ፈረመበት።

ስወጣ ታምሩ ወስፌዬን አስፈርሞ መለሰልኝ።

በማግስቱ ማለዳ ከሁሉ ቀድሜ ወጣሁ። ኮቱን ቤት ትቼው ነው የመጣሁት። ሕይወት የጻፈችበትን ካርቶን አወረድኩና ጽሑፉን ወደ ምድር አድርጌ ዱካው ሥር መለስኩት። ከዚያ ብሩሽና የጫማ ቀለም አንሥቼ፣ «ጫማ ይሰፋል» ከሚለው ሥር አንድ መስመር ጨመርኩ፦ «እስኪሰፋ ወሬ አለ»። እሱም ወደ ቀኝ ሲሄድ ወረደ።

ቀለሙ ሳይደርቅ አንድ ሰው መጥቶ ተቀመጠ። ምንም ሳይል ጫማውን አውልቆ ዘረጋልኝ፤ እንደ ወረቀት የሳሳው ሶል ነው። ባዶ እግሩን ካርቶኑ ላይ አሳረፈ። ምስማሬን በአፌ ያዝኩና አንገቴን ደፋሁ። ታምሩ ጉሮሮውን ጠርጎ፣ «እኔ እኮ ጋሼ፣ ከቤቴ የምነሣው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ነው…» ብሎ ጀመረ።